ድምጼ ተዘጋ ስንል የተዘጋው ምኑ ነው?

ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ አምስት ቀን ሙሉ ድምጼ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር፣ ልናገር አፌን ስከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ። ግን በሹክሹክታ የምለውን አጠገቤ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሳያመልጠው ይሰማኛል። "በሩን ዝጋው" ስል በሩ ይዘጋል፣ "ውሃ" ስል ውሃ ይመጣል። እና እዛው ተኝቼ ማሰብ ጀመርኩ፣ ድምጽ የለኝም ግን ንግግር አለኝ፣ ታዲያ "ድምጼ ተዘጋ" ስል የተዘጋው ምኑ ነው? ያልተዘጋውስ? ከዛ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ፣ በጣም ስለወደድኩት እናንተም ጋ ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የሰው ድምጽ የሚሰራው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ታች ማንቁርት ውስጥ ነው፣ እዛ የሚፈጠረው ድምጽ ኣም አይደለም ኢም አይደለም፣ ዝም ብሎ እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ነገር ነው። ሁለተኛው ከማንቁርት በላይ ያለው ጉሮሮ፣ አፍና አፍንጫ ነው፣ እሱ ደግሞ ያንን ጥዝዝታ ተቀብሎ ኣ ወይ ኢ ወይ ኡ ያደርገዋል። ሁሌ አብረው ስለሚሰሩ አንድ ነገር ይመስሉናል እንጂ አንዱ ሲያቆም ሌላው ስራውን ይቀጥላል። እኔ ላይ ያቆመው የታችኛው ነበር።

እንግዲህ ከታች፣ ከአየሩ እንጀምር። ለመናገር ሳንባችን ውስጥ ያለው አየር ውጪ ካለው ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት ሊኖረው ይገባል። ትንሽ ስል በጣም ትንሽ። ስትሮ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጠልቆ እንዲገባ አድርጋችሁ አረፋ እስኪወጣ ንፉበት፣ ያቺ አረፋ እንድትወጣ የገፋችሁበት ግፊት ለተራ ንግግር ይበቃል። በዙሪያችን ያለው አየር ራሱ ባህር ወለል ላይ ወደ 1000 ሴንቲሜትር ውሃ የሚያህል ግፊት አለው፣ ስለዚህ እኛ የምንጨምረው ከ1 ፐርሰንት አይበልጥም ማለት ነው። ስንጮህ ይጨምራል፣ ግን ዋናው ነገር ድምጽ ማውጣት ኃይለኛ አየር የሚጠይቅ ነገር አለመሆኑ ነው፣ የሚጠይቀው ቀጥ ብሎ የሚቆይ፣ የማይዋዥቅ ግፊት ነው።

ይሄ አየር በአየር ቧንቧው ሽቅብ ሲመጣ ማንቁርት ላይ ሁለት ነገሮች መንገዱን ገጥመው ይጠብቁታል። በአማርኛ የድምጽ አውታር ወይ የድምጽ ጅማት እንላቸዋለን፣ እውነቱን ለመናገር ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። አውታር ሲባል የተወጠረ ክር ነው አይናችን ላይ የሚመጣው፣ ጊታር ላይ እንዳለው። ስሙ የመጣው አንቷን ፌሬን ከሚባል ፈረንሳዊ የአናቶሚ ሊቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1741 ከሞተ እንስሳና ከሞተ ሰው የወጣ ማንቁርት ላይ አየር እየነፋ ድምጽ ማውጣት ቻለና፣ እነዚህ ነገሮች እንደ ቫዮሊን ክር ናቸው፣ አየሩ ደግሞ ክሩን እንደሚፈገፍገው ደጋን ነው አለ። ሙከራው ድንቅ ነበር (በኋላ እመለስበታለሁ)፣ ምሳሌው ግን ልክ አልነበረም፣ ስሙ ግን እስከዛሬ አልለቀቀንም።

ያሉት ክሮች አይደሉም፣ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ሁለት የስጋ እጥፋቶች ናቸው፣ ከክር ይልቅ ከንፈርን ነው የሚመስሉት። ፊት ለፊት ጫፋቸው የተያያዘ ነው፣ ከኋላ ደግሞ ይከፈታሉ ይገጥማሉ፣ ስንተነፍስ ከላይ ሆኖ ላያቸው የቪ ቅርጽ ይሰራሉ። አዋቂ ወንድ ላይ ርዝመታቸው ወደ 2 ሴንቲሜትር፣ ሴት ላይ ወደ 1 ተኩል ነው፣ በቃ የጥፍር ያህል ነገር። ከጥንትም ስራቸው ድምጽ ማውጣት ሳይሆን ሳንባን መጠበቅ ነው፣ ምግብ ወይ ውሃ ተሳስቶ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ሲል ጥርቅም ብለው የሚዘጉት እነሱ ናቸው፣ ስናስልም፣ ከባድ ነገር ስናነሳም ይገጥማሉ። ድምጽ በላዩ ላይ የተጨመረ ስራ ነው። ከዚህ በኋላ እኔ እጥፋት እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ምክንያቱም ክር ካልናቸው ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሽብናል።

በህይወት ያለ ሰው ላይ እጥፋቶቹ እንዴት እንደሚሰሩ በደንብ አይቶ የገለጸው ደግሞ ሀኪም አልነበረም፣ ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል ስፔናዊ የዘፈን አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያበራበት የራሱን እጥፋቶች አየ። ያየውንም በሚቀጥለው አመት ለንደን ላለው የሳይንስ ማህበር አቀረበ። ተማሪዎቹ ሲዘፍኑ ጉሮሯቸው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ፈልጎ ነው እዛ ድረስ የሄደው፣ እኔ ይሄን ሰው በጣም ነው የማከብረው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ፣ እጥፋቶቹን ማነው የሚያንቀጠቅጣቸው? ወንድ ሲያወራ በሰከንድ 110 ጊዜ አካባቢ፣ ሴት ስታወራ 210 ጊዜ አካባቢ፣ ህጻን ልጅ ከዛም በላይ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። አንድ ሰአት ሙሉ ሳያቋርጥ ድምጽ የሚያወጣ ወንድ ብናስብ እጥፋቶቹ ወደ 400 ሺህ ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው፣ ሴት ከሆነች እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ብዙ ሰው ጡንቻ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው ብሎ ያስባል፣ እንደ እጅና እግር። ራውል ኡሶን የሚባል ፈረንሳዊም እ.ኤ.አ. በ1950 ይሄንኑ በሳይንስ መልክ አቀረበው፣ እያንዳንዷ ንዝረት ከአንጎል በሚመጣ የነርቭ ትእዛዝ ነው የምትፈጠረው ብሎ። ግን አይሆንም። ጡንቻ በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ተኮማተር ተፈታ ቢሉት አንድ በአንድ መከተል አይችልም፣ ትእዛዙ ሲደራረብበት እንደተኮማተረ ነው የሚቀረው። ደግሞም የፌሬን ሙከራ አለ አይደል፣ ከሬሳ የወጣ ማንቁርት አንጎል የለው ነርቭ የለው፣ አየር ሲነፉበት ግን ይጮሃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች ከሞተች ዝሆን በወጣ ማንቁርት ላይ አየር ነፍተው ዝሆኖች የሚያወጡትን ለኛ ጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምጽ አስወጥተውታል። ስለዚህ የሚያንቀጠቅጠው አየሩ ራሱ ነው። የጡንቻው ስራ እጥፋቶቹን አቀራርቦና ወጥሮ መያዝ ብቻ ነው፣ ቀሪውን ለአየሩ ይተውለታል።

ራሳችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ከንፈራችሁን ሳታጠብቁ ግጠሙና ንፉ፣ ልጆች መኪና ሲነዱ እንደሚጫወቱት ብርርርር በሉ። ያንን ብርርርታ ያመጣው ማነው? ከንፈራችሁን ክፈት ዝጋ ክፈት ዝጋ ብሎ ያዘዘ የለም። ገጥማችሁ ያዛችሁ፣ አየር ነፋችሁ፣ አለቀ። ማንቁርት ውስጥ የሚሆነው ይሄው ነው፣ በጣም ፈጥኖና በትንሽ ስጋ ላይ ሆኖ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚጻፈው ማብራሪያ እኔን ሲያሳስተኝ ስለቆየ። በርኑሊ የሚባለውን ህግ ያመጡና፣ አየር በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እጥፋቶቹ ወደ መሀል ተስበው ይዘጋሉ፣ ሲዘጉ ከታች ግፊት ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይከፍታቸዋል፣ እንደገና ይዘጋሉ ይላሉ። ውሸት አይደለም ግን ይጎድለዋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አስቡ። ሲሄድ ከኋላ ትገፉታላችሁ፣ ሲመለስ ግን እጃችሁን ካላነሳችሁለት፣ በዛው አቅጣጫ በዛው ጉልበት ገፍታችሁ ከቆያችሁ፣ ሲሄድ የሰጣችሁትን ሲመለስ ትነጥቁታላችሁ፣ ዥዋዥዌውም ይቆማል። እጥፋቶቹም እንደዛው ናቸው፣ ንዝረቱ እንዲቀጥል አየሩ ሲከፈቱ በደንብ ሊገፋቸው ሲዘጉ ደግሞ ሊለቃቸው ይገባል። ታዲያ አየሩ መቼ እየተከፈቱ መቼ እየተዘጉ እንደሆነ በምን ያውቃል?

የሚያውቀው ከቅርጻቸው ነው፣ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ቦታ ይሄ ነው። እጥፋቶቹ ውፍረት አላቸው፣ የታችኛው ጠርዛቸውና የላይኛው ጠርዛቸው እኩል አይንቀሳቀሱም። ሲከፈቱ የታችኛው ይቀድማል የላይኛው ይከተላል፣ ሲዘጉም የታችኛው ይቀድማል የላይኛው ይከተላል። ስለዚህ እየተከፈቱ እያለ መሀላቸው ያለው ክፍተት ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ ነው፣ የሳንባው ግፊት እዛ ሰፊ ቦታ ገብቶ ግድግዳውን ግራና ቀኝ ይገፋል። እየተዘጉ እያለ ግን ይገለበጣል፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ ይሆናል፣ አየሩ ከታች ታንቆ ስለሚገባ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት ይወድቃል። ሲከፈቱ ብዙ ግፊት፣ ሲዘጉ ትንሽ ግፊት፣ ልክ ዥዋዥዌው ላይ እጅ እንደማንሳት። እጥፋቶቹ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በጣም ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ይሄ እንቅስቃሴ ከታች ወደ ላይ እንደ ሞገድ ሲሄድበት ይታያል። የዚህን ሂሳብ በደንብ አስልቶ ያቀረበው ኢንጎ ቲትዜ የሚባል ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988። ያቺን ለስላሳ ሽፋን አትርሷት፣ መጨረሻ ላይ ጉንፋኔን የምታስረዳው እሷ ነች።

እሺ፣ እጥፋቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ድምጹስ? ጊታር ላይ ክሩ ይርገበገብና ሳጥኑን ያርገበግበዋል፣ ሳጥኑ አየሩን ይገፋል። እዚህ ግን እንደዛ አይደለም፣ የጥፍር ያህል ስጋ ተርገብግቦ ብዙ አየር ሊገፋ አይችልም። እጥፋቶቹ የሚያደርጉት የሚያልፈውን አየር መቆራረጥ ነው። ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ፣ በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ። ድምጽ የሆነው ያ የተቆራረጠ አየር ነው። እና ደግሞ አከፋፈታቸው ቀስ ያለ ነው፣ አዘጋጋቸው ግን ድንገተኛ ነው፣ አየሩ እየሄደ እያለ ቀጥ! ይሄ ድንገተኛ መዘጋት ድምጹን ብርቱና ጥርት ያለ የሚያደርገው ነው፣ ምክንያቱም በፊዚክስ ድንገት የሚለወጥ ነገር በውስጡ ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾች (በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚርገበገቡ ቀጫጭን ድምጾች) ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ወንድ በ110 ሄርዝ (በሰከንድ 110 ጊዜ ማለት ነው) ድምጽ ሲያወጣ የሚወጣው 110 ብቻ አይደለም፣ 220፣ 330፣ 440 እያለ እስከ ብዙ ሺህ ድረስ ብዜቶቹ ሁሉ አብረው አሉ፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየደከሙ። ሃርሞኒክ ይባላሉ። እጥፋቶቹ በደንብ ሳይገጥሙ ሲቀሩ መዘጋቱ ድንገተኛ አይሆንም፣ የላይኞቹ ሃርሞኒኮች ይሳሳሉ፣ ድምጹ ትንፋሽ ትንፋሽ የሚል ይሆናል። ጉልበቱን ብታዩት ደግሞ ትገረማላችሁ፣ ተራ ንግግር በአየር ላይ የሚለቀው የድምጽ ጉልበት የዋት ሚሊዮንኛን በአስሮች ብንቆጥር ነው። በዚህች ሚጢጢ ጉልበት ነው ሰው ሰውን የሚያጽናናውም የሚቆጣውም፣ ጆሯችን ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስቡት።

ቀጭንና ወፍራም ድምጽ የሚባለው የሚመጣው ከዚሁ ከመከፈት መዘጋቱ ፍጥነት ነው። እዚህም ስሙ እንደገና ያሳስታል። ጊታር ላይ ክሩን በጣት ይዘን ስናሳጥረው ድምጹ ይቀጥናል፣ ማንቁርት ላይ ግን ድምጻችንን ስናቀጥን እጥፋቶቹ ይረዝማሉ እንጂ አያጥሩም! መርዘም ብቻውን ድምጹን ሊያወፍረው ይገባ ነበር፣ ነገር ግን ስጋው ሲለጠጥ ውጥረቱ ከርዝመቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፣ ስለዚህ ውጥረቱ ያሸንፋል፣ ደግሞም ሲለጠጡ ጠርዛቸው ይሳሳል። የሚለጥጣቸው ማንቁርት ፊት ለፊት ያለ ጡንቻ ነው፣ ካርቲሌጅ የሚባለውን ለስላሳ አጥንት አዘንብሎ ይጎትተዋል። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ድምጹ የሚጎረንነው ደግሞ ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ምክንያት ማንቁርቱ አድጎ እጥፋቶቹ ስለሚረዝሙና ስለሚወፍሩ ነው፣ ይሄ በጡንቻ የተለጠጠ ሳይሆን ስጋው ራሱ የጨመረ ስለሆነ ድምጹ ወደ ታች ይወርዳል። ማንቁርቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲቀየር አንጎል የለመደው ጡንቻ አያያዝ አይሰራለትም፣ ለዛ ነው ድምጹ መሀል ላይ ስብር የሚለው፣ እና እዛ እድሜ ላይ ያለ ልጅ በድምጹ ሲስቁበት በጣም ያሳዝነኛል፣ በጁ ያለ ነገር አይደለም።

እስካሁን ያለን ጥዝዝታ ብቻ ነው። ወደ ላይኛው ክፍል እንውጣ።

ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ ጠርሙሱ የራሱ የሆነ ድምጽ እንዳለው ታውቃላችሁ፣ ትልቁ ወፍራም ትንሹ ቀጭን። በውስጡ ያለው አየር የሚወደው ድግግሞሽ አለው ማለት ነው፣ ሬዞናንስ የሚባለው ይሄ ነው። ከእጥፋቶቹ እስከ ከንፈር ያለው መንገዳችንም እንደዛ ነው፣ አዋቂ ወንድ ላይ ወደ 17 ሴንቲሜትር ተኩል ርዝመት ያለው፣ ታች ዝግ ላይ ክፍት የሆነ ቱቦ። እንዲህ አይነት ቱቦ መጀመሪያ የሚወደው ሞገድ ርዝመቱ የቱቦው አራት እጥፍ የሆነውን ነው፣ እሱም 70 ሴንቲሜትር ይመጣል። ሞቃት እርጥብ አየር ውስጥ ድምጽ በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ስለሚሄድ 350ን ለ0.7 ስናካፍል 500 ሄርዝ እናገኛለን፣ ቀጣዮቹ ደግሞ ሦስት እጥፉና አምስት እጥፉ ናቸው፣ 1500 እና 2500። እነዚህ ቱቦው የሚወዳቸው ቦታዎች ፎርማንት ይባላሉ። ምላሳችንን ዘና አድርገን ስንለቀው፣ ወደ ኧ የሚጠጋ ድምጽ ስናወጣ፣ በግምት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው የሚገኙት። በወረቀት የተሰላ ቁጥር ከሰው አፍ በሚለካው ላይ ሲያርፍ ማየት ለኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

ከዛ ምላስ፣ መንጋጋና ከንፈር ቱቦውን እዚህ ሲያጠቡት እዛ ሲያሰፉት ፎርማንቶቹ ቦታ ይቀያይራሉ። አዋቂ ወንድ ኢ ሲል ምላሱ ወደ ፊት ወጥቶ ላንቃውን ሊነካ ይደርሳል፣ የመጀመሪያው ፎርማንት ወደ 300 ይወርዳል ሁለተኛው ወደ 2300 ይወጣል። ኡ ሲል ከንፈሩ ይጠባል ምላሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ያው 300 አካባቢ ሆኖ ሁለተኛው ግን ወደ 900 አካባቢ ይወርዳል። ኣ ሲል አፉ ይከፈታል፣ አንዱ ወደ 700 ሌላው ወደ 1100 ይመጣሉ። ጆሯችን ኢን ከኡ የሚለየው በዋናነት በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የምንቆጥራቸው ሰባቱ ድምጾች በፊዚክስ አይን ሲታዩ የአንድ ቱቦ ሰባት ቅርጾች ናቸው። ቅርጹን ሳትነኩ ኢ እያላችሁ ድምጻችሁን ከወፍራም ወደ ቀጭን አውጡት፣ ኢ ኢ ሆኖ ይቀራል፣ የተለወጠው ታች ያለው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ቅጥነቱን ሳትለውጡ ኢ ኣ ኡ በሉ፣ የተለወጠው ላይ ያለው ብቻ ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በራሳችሁ አፍ አረጋገጣችሁ ማለት ነው። ይሄን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1960 በሂሳብ አሟልቶ ያቀረበው ስዊድናዊው ጉናር ፋንት ነው።

ሹክሹክታውም እዚህ ይፈታል። በሹክሹክታ ስንናገር እጥፋቶቹ አይርገበገቡም፣ ትንሽ ክፍተት ትተው ይቀራረባሉ፣ አየሩ እዛ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ እየተተራመሰ ሽሽሽ ይላል። ጥዝዝታው የለም፣ ግን ሽሽታው ቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ያው ፎርማንቶች ይቀርጹታል። ስለዚህ ኢ ኢ ነው ኣ ኣ ነው። በሹክሹክታ መዝፈን ግን አትችሉም፣ ሞክሩት፣ ዜማውን የሚሰጠው ጥዝዝታው ነውና።

ሂሊየም የሳበ ሰው ድምጹ ለምን እንደዛ እንደሚሆንም ከዚሁ ይወጣል። ብዙ ሰው ድምጹ ቀጠነ ይላል፣ በእርግጥ ግን እጥፋቶቹ የሚርገበገቡበት ፍጥነት እምብዛም አልተለወጠም። ድምጽ ሂሊየም ውስጥ ከአየር ወደ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ቱቦው ያው ሆኖ ፎርማንቶቹ ሁሉ ሽቅብ ይሸሻሉ፣ አንጎላችን ያንን ሲሰማ በጣም ትንሽ ጉሮሮ ያለው ፍጡር የተናገረ ይመስለዋል። ይሄን አትሞክሩት፣ ሂሊየም የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ከተጨመቀ ሲሊንደር በቀጥታ መሳብ ደግሞ ሳንባ ይቀድዳል፣ የሞቱበት ሰዎች አሉ።

ስልክ ላይም የሚገርም ነገር አለ። የድሮው ስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው። የወንዱ 110 ሄርዝ ጭራሽ አያልፍም ማለት ነው፣ 220ውም አያልፍም። ግን ስልክ ላይ ያለ ወንድ ሴት ሆኖ ተሰምቶን አያውቅም። ጆሮና አንጎል 330፣ 440፣ 550 ሲደርሳቸው ልዩነታቸው 110 መሆኑን ይዘው የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታል። ያልመጣ ድምጽ ነው የምንሰማው።

ተነባቢዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የኛ ቋንቋ ስላለው አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ስስስስ ከዛ ዝዝዝዝ በሉ፣ ምላሱ ያለበት ቦታ አንድ ነው፣ ዝ ላይ ብቻ ጣታችሁ ስር ይርገበገባል። ም እና ን ደግሞ አፍ ተዘግቶ አየሩ በአፍንጫ የሚወጣባቸው ናቸው፣ ምምምም እያላችሁ አፍንጫችሁን ብትይዙት ድምጹ ቀጥ ይላል። አሁን ዋናው። ትንፋሻችሁን ሙሉ በሙሉ ያዙ፣ ምንም አየር ሳታስወጡ ት ለማለት ሞክሩ። እምቢ ይላችኋል። አሁን ጥ በሉ። ወጣ አይደል? ቅ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ ሁሉም ይወጣሉ። እነዚህ ድምጾች አየራቸው ከሳንባ የሚመጣ አይደለም። እጥፋቶቹ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ፣ ከላይ ደግሞ ምላስ ወይ ከንፈር ይዘጋል፣ መሀል ላይ የቀረው አየር ታሰረ፣ ከዛ ማንቁርቱ ሽቅብ ዘለል ይልና ያንን አየር ይጨምቀዋል፣ ምላሱ ሲለቀው ጥ! ብሎ ይፈነዳል። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥ ጥ ጥ ብትሉ ሲዘል ይሰማችኋል። በአለም ላይ ብዙ ቋንቋዎች ይሄ የላቸውም፣ ተናጋሪዎቻቸው ሲማሩት ምን ያህል እንደሚቸገሩ የሰማ ያውቃል፣ እኛ ግን ገና በልጅነታችን ማንቁርትን እንደ ፒስተን መጠቀም ተምረን ነው ያደግነው።

ዘፋኞችንም ልጥቀስ፣ የኦፔራ ዘፋኝ ያለማይክሮፎን ትልቅ ኦርኬስትራን አልፎ የሚሰማው በጉልበት ብቻ አይደለም። የኦርኬስትራው ድምጽ ከሁሉ የሚበረታው 500 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ እየደከመ ይሄዳል። ዘፋኙ ከእጥፋቶቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በማጥበብ ሦስት የሚያህሉ ፎርማንቶችን አንድ ላይ ይሰበስባቸውና 3000 ሄርዝ አካባቢ ጉብታ ይሰራል፣ ኦርኬስትራው ደካማ በሆነበት ቦታ። ይሄን በሰፊው ያጠናው ዮሃን ሱንድበርግ የሚባል ስዊድናዊ ነው። በጣም ከፍ ያለ ኖታ የምታወጣ ሶፕራኖ (ቀጭኑን ድምጽ የምትዘፍን ሴት) ደግሞ ሌላ ችግር አለባት፣ በ1000 ሄርዝ ስትዘፍን ሃርሞኒኮቿ 1000፣ 2000፣ 3000 እያሉ በጣም ይራራቃሉ፣ የኢ ወይ የኡ 300 ሄርዝ ላይ የሚያርፍ ምንም ድምጽ የላትም። ስለዚህ ቃሉ አይሰማም፣ የሷ አነጋገር ችግር አይደለም፣ እዛ ከፍታ ላይ ኢና ኡን የሚለይ ነገር ፊዚክሱ ራሱ አይሰጣትም።

ወደ ጉንፋኔ ልመለስ። ጉንፋን ማንቁርት ላይ ሲያርፍ ያቺ ለስላሳ ሽፋን ታብጣለች። መጀመሪያ ስትከብድ ንዝረቱ ይዘገያል፣ ለዛ ነው ጉንፋን ሲጀምር ድምጽ የሚወፍረው። እብጠቱ ሲጨምር ሽፋኗ ልስላሴዋን አጥታ ትጠጥራለች፣ ሞገዱ አይሄድባትም፣ ጠርዞቹም በትክክል አይገጥሙም፣ ስለዚህ እጥፋቶቹን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። የተለመደው የሳንባ ግፊት አይበቃም፣ ሰው ግን ይገፋል፣ ይጨምራል፣ ያበጠውን በኃይል ያጋጨዋል፣ የባሰ ያብጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን ያደረግኩት ይሄንን ነበር፣ ስልክ ላይ ለመሰማት እየታገልኩ። ሹክሹክታውም በኃይል ከሆነ ብዙ ሰው ላይ ማንቁርቱን ጭምቅ ያደርገዋል፣ ዝምታ ይሻላል።

ውሃ ጠጡ ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን የምንጠጣው ውሃ እጥፋቶቹን ነክቶ አያልፍም፣ ቢነካቸው ኖሮ ትን ይለን ነበር። የሚጠቅመው በሰውነት ውስጥ ዞሮ ሽፋኗን ሲያረጥባት ነው፣ ስለዚህ ከመናገራችሁ አንድ ደቂቃ በፊት የምትጎነጩት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የጠጣችሁት ነው የሚቆጠረው። እንፋሎት ግን በቀጥታ ይደርሳል። ሲሻላችሁ ደግሞ በቀጭን ስትሮ ውስጥ ኡኡኡ እያሉ ቀስ ብሎ ድምጽ ማውጣት ጥሩ ነው፣ ስትሮው አየሩን ስለሚይዘው ከእጥፋቶቹ በላይም ትንሽ ግፊት ይፈጠራል፣ ያ ግፊት እጥፋቶቹ በኃይል እንዳይጋጩ ያደርጋቸዋልና በትንሽ ጉልበት ይርገበገባሉ። የድምጽ ሀኪሞችና የዘፈን አስተማሪዎች የሚያሰሩት ልምምድ ነው። እኔን በስድስተኛው ቀን ድምጼ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣችው በስትሮ ውስጥ ነበር፣ አንዲት ቀጭን ኡ።

ጉንፋን ያመጣው መዘጋት ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ድምጻችሁ ሻክሮ ወይ ተዘግቶ ሦስት አራት ሳምንት ካለፈው ግን፣ በተለይ የምታጨሱ ከሆነ፣ ሌላ ህመም ባይኖራችሁም የጆሮ አፍንጫና ጉሮሮ ሀኪም ጋ ሄዳችሁ እጥፋቶቹን በካሜራ አሳዩ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ከንዝረቱ ጋር ትንሽ በማይገጥም ፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካላቸው ደግሞ ያቺን ሞገድ በዝግታ ስትሄድ እስክሪኑ ላይ ታያላችሁ።